አራተኛው ስልክ

ቡራዩ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለልጄ ለሬሐና፣ ዱባይ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። በዚያ እሳት በሚያዘንብ አገር አላህ ጥላውን አይንፈግሽ፤ ጤናሽንና ሥራሽን ይጠብቅልሽ። እኛ በዱዓሽ ደህና ነን። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ያጉረመርማል።

አያትሽና እናቴ እህትማማች መሆናቸውን የማስታውሰው ጉዳይ ሲገጥመኝ ነው ብለሽ እንደምታሚኝ አውቃለሁ። እውነትሽን ነው፤ ዛሬም የጻፍኩት ለጉዳይ ነው። ገንዘብ ግን አይደለም፣ አትደንግጪ።

ጡረታ ወጥቼ የከፈትኳትን ክሊኒክ ታውቂያታለሽ። እርጉዞችን ቤታቸው ድረስ ሄደን እናያለን። ቡራዩንና ገፈርሳን እኔ ይዣለሁ፤ ሰበታን ሰብለወርቅ፣ ሱሉልታን እናትነሽ። ሁለቱም እጃቸው የተባረከ አዋላጆች ናቸው። ችግራችን ቀጠሮ ነው። ሦስታችንም የየራሳችን ደብተር አለን። ባለፈው ወር አንዲት ሴት ከሰበታ ወደ ሱሉልታ ቤት ቀየረች። ሰብለወርቅ "እናትነሽ ታያታለች" ስትል፣ እናትነሽ "ሰብለወርቅ አይታታለች" ስትል፣ ሴትዮዋ ሦስት ሳምንት ማንም ሳያያት ቀረች። ደሟ አንሶ ነበር። አላህ አወጣት፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

የምፈልገው አንዳችን ስንጽፍ በሁላችን ስልክ ላይ የሚታይ አንድ ደብተር ነው። ቀጠሮውም፣ የሴቶቹ ስልክና አድራሻም። የሞባይል ቤቱ ልጆች "በነፃ የሚሰጡ የውጭ ኩባንያዎች አሉ" ይሉኛል። በነፃ የሚሰጠኝ ሰው ምን እንደሚወስድብኝ ሳላውቅ አልገባም። የሰው ሚስት ስም፣ የደሟን ዓይነትና የቤቷን አቅጣጫ የማላውቀው ሰው ሳሎን ውስጥ አላስቀምጥም። የራሳችን የሆነ ነገር ምረጪልን። "ሬሐና የመረጠችውን አምናለሁ" ያለችው ሚንሃ ናት። ከአምቦ ዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ስትመጣ ከደብተር ወደ ስልክ የምትገለብጥልኝም እሷው ናት። አንድ ልጅ ብቻ ስላለችኝ እሷ ያለችው ይሆናል።

ደብዳቤውን ኢብሮ ያደርስልሻል፤ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ለሱቁ ዕቃ ዱባይ ይመላለሳል። በስልክ ለምን አልነገሩኝም እንዳትዪ። ሰሞኑን በስልክ ብዙ ማውራት አልወድም።

ከሊፋ


ዱባይ፣ ጥቅምት 29 ቀን 2008 ዓ.ም.

የተከበሩ ጋሼ ከሊፋ፤

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ፤ ጉልበትዎንም አላህ ያጽናልዎ። ለሚንሃ እህትነቴን ይንገሩልኝ። ቁም ነገር ይዘው በመምጣትዎ አልቀየምኩም። እዚህ ሥራዬ የሌሎችን ኮምፒውተር መጠገን ነው፤ አንድ ጊዜ ለወገን ብጠግን ምን ይለኛል።

ሦስት ዓይነት ሞክሬአለሁ። የመጀመሪያው ኢሜይሉም፣ ፋይሉም፣ ስብሰባውም፣ የሥራ ድልድሉም በአንድ የታጨቀበት ነው። ለመሥሪያ ቤት ይሆናል፤ ለሦስት ሰው ግን የሰርግ ድንኳን መትከል ነው። ሁለተኛው ሲያዩት ያምራል፤ የእናትነሽን አሮጌ ስልክ ግን ገና ሲከፈት ያንቀዋል። ሦስተኛው ትንሽ ነው። ቀጠሮና የሰዎች ዝርዝር ብቻ ይይዛል፣ ሌላ ምንም አያውቅም። እሱን መርጫለሁ። ጥቂት የሚያውቅ ነገር ጥቂት ያወራል።

የጨነቀኝ ሰርቨሩ፣ ደብተሩን የሚይዘው ኮምፒውተር፣ የት ይቀመጥ የሚለው ነው። ክሊኒኩ ውስጥ ቢሆን የእርስዎ እጅ ላይ ነው፤ ግን መብራቱ ይሄዳል፣ ቤቱ ቢፈተሽም ማሽኑን ተሸክመውት ይሄዳሉ። ስለዚህ እኔ ክፍል ውስጥ፣ ከአልጋዬ ራስጌ አንዲት ትንሽ ማሽን አስቀምጫለሁ። ስልኮቻችሁ በየሩብ ሰዓቱ እሷን "አዲስ ነገር አለ?" ብለው ይጠይቃሉ። ዳታ ቢቋረጥ እንኳ የመጨረሻው ቅጂ በየስልኩ ይቀራል። በየስልኩ ይቀራል ማለት ግን ስልኩ የወደቀበት ሰው ሁሉንም ያያል ማለትም ነው። ይህን ሳይረሱ ይያዙት።

ሦስት ስምና ሦስት ፓስወርድ በዚህ ወረቀት ጀርባ ጽፌአለሁ፤ ለእያንዳንዳችሁ የየራሳችሁ ነው። አይቀላቅሏቸው። የእኛን ቀን ወደ ስልኩ ቀን የምትቀይሩበት ሠንጠረዥም አብሬ ልኬአለሁ።

ታዛዥ ልጅዎ ሬሐና


ቡራዩ፣ ኅዳር 13 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለልጄ ለሬሐና፤

ሰላምታዬ ባሕር ተሻግሮ ይድረስሽ። አላህ እጅሽን ይባርከው፤ ደብተሩ ሠርቷል። ትናንት ሰብለወርቅ ሰበታ ሆና የጻፈችውን እኔ ገፈርሳ ግድቡ ዳር ቆሜ አነበብኩት። ስልኬን ለባሕር ዛፍ ጠራቢዎቹ ሁሉ ሳሳይ ዋልኩ፤ ያበድኩ መስሏቸዋል።

ሚንሃ ሦስት ቀን ሶፋው ላይ ተጋድማ፣ ስልኳ ከእጇ ሳይወርድ፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት እናቶችን ጻፈች። እዚህ የቤት ቁጥር የሚባል እንደሌለ ታውቂያለሽ። ስለዚህ ከእያንዳንዷ ስም ሥር ቤቷ የሚገኝበት መንገድ አለ። ከወፍጮ ቤቱ በግራ፣ ሦስተኛው የቆርቆሮ በር፣ ውሻው አይናከስም። ባልየው የት እንደሚሠራ፣ እሱ ከሌለ በር የሚከፍተው የትኛው ወንድሙ እንደሆነ፣ ስልኩ ጭምር። ምጥ ሲመጣ ጠይቆ ማግኘት አይቻልማ። አሁን ዓይኔን ጨፍኜ የሰው ሁሉ ቤት እገባለሁ። እሷም ጨርሳ ወደ አምቦ ተመልሳለች።

አንድ ስሞታ አለኝ። እናትነሽ ሱሉልታ የኦቦ ኢቲቻን ምራት ልታይ ብትሄድ ሽማግሌው በር ላይ ቆመው "ቀጠሮው ቦሩ ነው፣ ነገ ነው፤ አንቺ ዛሬ ምን ልትሠሪ መጣሽ?" ብለው መለሷት። ሠንጠረዥሽ በአንድ ቀን ይቀድማል። ዱባይ ቀኑም ይቸኩላል እንዴ?

ሌላው፣ ሦስቱን ፓስወርድ ትቼ ሁሉንም በእኔ ስም አስገብቻቸዋለሁ። አብረን ደም የምናጥብ ሰዎች ለየብቻ ቁልፍ ብንይዝ መተማመን የጎደለን ያስመስላል። የአንድ ቤት ሰው አንድ ቁልፍ ይበቃዋል።

በአምቦ መንገድ ተማሪዎች አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት የሚያሰፋውን ማስተር ፕላን ተቃውመው እየወጡ ነው ይባላል። አንዳንድ ቀን ታክሲ አይገኝም። ያልፋል ኢንሻአላህ።

ከሊፋ


ዱባይ፣ ኅዳር 30 ቀን 2008 ዓ.ም.

የተከበሩ ጋሼ ከሊፋ፤

ሰላም ለቤትዎ ይሁን፤ ከክፉ ወሬ ሁሉ አላህ ይሰውራችሁ።

የሠንጠረዡ ጥፋት የእኔ ነው። ያለፈው ዓመት ጳጉሜ ስድስት ነበረች፤ እኔ በአምስት ቆጥሬ አዲሱን ዓመት አንድ ቀን አስቀደምኩት። አራት ዓመት ውጭ ስኖር የገዛ አገሬን ጳጉሜ ረሳሁ። ሁሉንም አስተካክያለሁ። ኦቦ ኢቲቻን ይቅርታ ይበሉልኝ።

የእርስዎ ጥፋት ግን በሳቅ የሚታለፍ አይደለም። ለሁሉ አንድ ቁልፍ መስጠት የደግ ሰው ስሕተት ነው። አንድ ስልክ ቢጠፋ እሱን ብቻ ለይቼ ልዘጋው አልችልም። ልዝጋ ካልኩ ሁላችሁም ትዘጋላችሁ፤ አዲሱ ፓስወርድ በኢብሮ እጅ እስኪደርሳችሁ ደግሞ ሰብለወርቅ የጻፈችውን እናትነሽ አታይም።

ደግሞም ሦስት ስልክ ነን ብለውኝ ነበር። በማሽኗ መዝገብ ላይ የማየው አራት ነው። ሁለት ሳምሰንግ፣ ሁለት ቴክኖ። አራተኛው የማን ነው?

ለሚንሃ መልእክት ጻፍኩላት፤ ሦስት ቀን ሆነው አልደረሳትም። የፈተና ሰሞን ይሆናል። ድምፅዋን እንድታሰማኝ ይንገሩልኝ።

ሬሐና


ቡራዩ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለልጄ ለሬሐና፤

አላህ በሰላም ያቆይሽ።

ሥራው ደህና ነው። መንገድ ሲዘጋ በእግር እንሄዳለን። ባለፈው ሳምንት ሁለት ወልደዋል፣ ሁለቱም በሰላም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መዝገብሽ ላይ አንድ ስልክ መጨረሻ የጠየቀው መቼ እንደሆነ፣ ቀንና ሰዓቱ ይታያል? ከየት ሆኖ እንደጠየቀስ? ያ አራተኛው ያልሽው ዛሬም ይጠይቃል ወይ? በየቀኑ ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ በወረቀት ጽፈሽ በኢብሮ ላኪልኝ።

እኔ ሳልጽፍልሽ ምንም ነገር እንዳትነኪ። እንዳትዘጊው።

ከሊፋ


ዱባይ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 2008 ዓ.ም.

የተከበሩ ጋሼ ከሊፋ፤

አላህ ልብዎን ያጽናልዎ። ከዚህ በላይ ሰላምታ መጻፍ አቃተኝ።

አራተኛው የሚንሃ ነው፣ አይደል? ደብዳቤዎን ሳነብ ስሟን ፈለግኩ። በአንድ ደብዳቤ ውስጥ የልጅዎን ስም ሳይጠሩ የጻፉበትን ቀን አላውቅም። እናቴ ጋ ደወልኩ። አለቀሰች። ሚንሃን ከአምቦ ስትመለስ ከአውቶቡስ አውርደው እንደወሰዷትና የት እንዳለች እንደማይታወቅ ነገረችኝ።

የጠየቁኝን ጽፌ አያይዣለሁ። ከየት እንደሆነ በትክክል አይታይም። በየሩብ ሰዓቱ ይጠይቃል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ ይጀምርና አመሻሽ ላይ ያቆማል። ያም ማለት ቻርጅ የሚያደርገው ሰው አለ። ያ ሰው ሚንሃ ነች ብዬ ልነግርዎ ብችል ምን ነበረበት። አልችልም። እኔም ሥራ ውዬ ስገባ መጀመሪያ የምከፍተው እሱን መዝገብ ነው፤ ሳየው ደስ ይለኛል፣ በመደሰቴም አፍራለሁ።

ጋሼ፣ በዚያ ስልክ ላይ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቤት አለ። ባሎቻቸው፣ ወንድሞቻቸው፣ በር የሚከፍተው ሁሉ። እስካሁን የተጻፈው በወሰዷት ሰዎች እጅ ላይ ነው፤ በየቀኑ የሚጨመረውም በየሩብ ሰዓቱ ይደርሳቸዋል። ከዘጋነው ስልኩ ላይ ያለው ቅጂም አብሮ እንዲጠፋ አድርጌ እዘጋዋለሁ፤ መጠየቁን ካላቋረጠ ያጠፋዋል። ሁለት ጊዜ ጣቴን አስጠግቼ መልሻለሁ፤ አንዴ አትንኪ ስላሉኝ፣ አንዴ ለሚንሃ ብዬ።

በሦስት የታሸጉ ፖስታዎች ሦስት አዲስ ፓስወርድ ልኬአለሁ። ደርሰዋችሁ ሦስታችሁም ስታስገቡ ኢብሮ ይደውልልኝና "ዕቃው ሙሉ ነው" ይበለኝ። በዚያው ደቂቃ አሮጌውን እዘጋለሁ። ውሳኔውን ለእርስዎ መተዌ ፍርሃቴ ነው እንጂ አክብሮቴ አይደለም።

ሬሐና


ቡራዩ፣ ጥር 20 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለልጄ ለሬሐና፤

ኢብሮ ከትናንት ወዲያ ደውሎልሻል። ዘግተሽዋል ማለት ነው። አሁን የማልነግርሽ ነገር የለኝም።

ሚንሃን የወሰዷት ኅዳር 27 ነው። ያየ የአውቶቡስ ረዳት መጥቶ ነገረኝ። አራት ጣቢያ ሄጃለሁ። አንዱ ጋ ስሟን ጽፈው ተቀበሉኝ፤ በማግሥቱ ስሄድ እንዲህ ያለ ስም አናውቅም አሉኝ። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት የሚባለው ለእናት ነው፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ እናቷም እኔ ነኝ። ያ ወረቀትሽ ሲደርሰኝ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ሁለት ተኩል የሚለውን እንደ ቁርኣን ያዝኩት። ስልኳ ካለ እሷም አለች አልኩ። የማይረባ ሐሳብ መሆኑን የማውቅ ሰው ነኝ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ጤና መኮንን ሆኜ ለስንቱ ቤተሰብ የማይቀረውን ነግሬአለሁ። ለራሴ መናገር አቃተኝ።

ፖስታዎችሽ ጥር 8 ደረሱኝ። አልከፈትኳቸውም። የሰብለወርቅንም የእናትነሽንም ከእኔው ጋር መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኳቸው። በዚያ ሰሞን ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ ነበር፤ ሰው ሁሉ የታሰረ ይፈታል ሲል ነገ ትመጣለች፣ ከነገ ወዲያ ትመጣለች፣ እስከዚያ ይቆይ አልኩ።

ጥር 17 ቀን ባይሳን ከቤቱ ወሰዱት። አናጢ ነው። ሚስቱ ሶፊ የስምንት ወር እርጉዝ ናት፤ የምከታተላት እኔ ነኝ። ቤታቸው ከቦኖው በላይ፣ በጓሮ በኩል የሚገባበት ነው፤ ያላደገበት ሰው አያገኘውም። ጎረቤት እንደነገረኝ የመጡት ሰዎች ማንንም አልጠየቁም። በቀጥታ በጓሮው ገቡ።

ከዚያ ስልክ አይተው ይሁን ከሰው አፍ ሰምተው አላውቅም። ላውቅም አልችልም። የማውቀው ፖስታዎቹ ዘጠኝ ቀን መሳቢያዬ ውስጥ እንደነበሩ ነው። የልጄን መኖር በየቀኑ ለመስማት ብዬ የሰው ባል በር ክፍት ተውኩ። በማግሥቱ ለሰብለወርቅና ለእናትነሽ ፖስታቸውን ሰጥቼ ኢብሮን አስደወልኩት።

ከእንግዲህ የዚያን ስልክ ነገር አትጻፊልኝ።

ከሊፋ


ዱባይ፣ የካቲት 4 ቀን 2008 ዓ.ም.

የተከበሩ ጋሼ ከሊፋ፤

አትጻፊልኝ ብለውኛል። አንድ ጊዜ ብቻ ልተላለፍዎ፣ ከዚያ አልመለስበትም።

ኢብሮ እንደደወለ ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ያ ስልክ ሁለት ጊዜ መጣና ጠየቀ። በሁለተኛው ቅጂው ጠፍቷል፤ መዝገቡ ያንን ያሳያል። ከዚያ ወዲህ ዝም ብሏል። የሦስታችሁ ስልኮች በየስማቸው ይገባሉ።

ዘጠኙ ቀን የእርስዎ ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊት የነበሩት አርባ ቀናት የእኔ ናቸው። ማሽኗ ያለችው እኔ ራስጌ ነው። ፈቃድ መጠበቅ አልነበረብኝም። እዚህ ሆኜ ማልቀስ ቀላል ስለሆነ አላለቅስም። ለሶፊ ምን ላድርግላት? የሚያስፈልጋትን ይጻፉልኝ።

ሬሐና


ቡራዩ፣ የካቲት 21 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለልጄ ለሬሐና፤

አልሐምዱሊላህ። ሚንሃ ተፈትታለች። የካቲት 8 ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ በሰው መኪና አምጥተው ደጄ ላይ ጣሏት። ከስታለች፣ ታስላለች፣ ግን በእግሯ ገባች። ይህን ቀድሜ የጻፍኩት ፈርተሽ እንዳታነቢው ብዬ ነው።

ውሃ ጠጥታ ሳትጨርስ "አባዬ፣ መቼ ዘጋኸው?" አለችኝ። ስልኳን የተቀበሏት ገና ከአውቶቡሱ ሳትወርድ ነው። አንድም ቀን እጇ አልገባም። ያ ሁሉ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ሁለት ተኩል፣ እሷ አልነበረችም። በገባችበት ሁሉ ዱዓዋ "አባቴ ቶሎ ያስብ፣ ቶሎ ይዝጋው" የሚል ነበር። እኔ ደግሞ እዚህ ሆኜ እንዳይዘጋ ዱዓ ሳደርግ ነበር። አላህ የሁለታችንን ሲሰማ ምን ብሎን ይሆን?

ጥር 18 አልኳት። በጣቷ ቆጠረች። ቆጥራ ስትጨርስ ተነሥታ ወደ ክፍሏ ገባች። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። መብቷ ነው።

በሦስተኛው ቀን ዝርዝሩን በወረቀት ገልብጣ ወጣች። ከዚያ ወዲህ በየቤቱ እየዞረች፣ የሆነውን ሁሉ እየነገረች፣ "ስምሽ ይቆይ ወይስ ይጥፋ?" ብላ ትጠይቃለች። አርፈሽ ተኚ፣ ሳልሽ ይሻልሽ ብላት አልሰማችኝም። እስካሁን መቶ አርባ ቤት ደርሳለች። ሠላሳ አንዱ ይጥፋ ብለዋል፤ አጥፍተናቸዋል። አንዷ ሚንሃን በሯን ዘጋችባት። ኦቦ ኢቲቻ ደግሞ ሱሉልታ ላይ አስቀምጠው ወተት አጠጧትና "አባትሽን ጥሪልኝ፣ የምቆጣው እሱን ነው" አሏት። ልሄድ ነው፤ ሊቆጡኝ ይገባል።

ሶፊ ጋ የሄደችው ትናንት ነው። ባይሳ አልተፈታም። ሚንሃ የመሳቢያውን ነገር፣ ዘጠኙን ቀን፣ ሳትቀንስ ነገረቻት። ሶፊ "የእኔን አታጥፉት" አለች። "ባሌ የለም። ምጥ ሲመጣብኝ ስሜን ካጠፋችሁት ማን ይመጣልኛል?"

ለሶፊ ምን ላድርግላት ብለሽ ጠይቀሽኛል። ማሽኗ እንዳትጠፋ ጠብቂልን፤ ሌላ አላውቅም። ቀኗ መጋቢት 2 ነው፤ በሦስቱም ስልክ ላይ ተጽፏል። ሰብለወርቅ "እኔ ልሂድልህ" ብላኝ ነበር። የምሄደው እኔ ነኝ። በጓሮው በኩል ገብቼ ፊቷ ስቆም ምን እንደምላት ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ከሊፋ